ፈቃዱ አለ፣ ማብረር ግን አይቻልም፦ በካናዳ የአልትራላይት አብራሪነት መብት እንዴት ጸንቶ ይቆያል?

በምሥራቅ ቶሮንቶ፣ ከቪክቶሪያ ፓርክ የባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚገኘው ክሬሰንት ታውን የረጃጅም ሕንጻዎች ሰፈር ነው። ከልዩ ልዩ አገራት የመጡ በርካታ ስደተኞች ይኖሩበታል። የዳንፎርዝን ጎዳና ይዘው ወደ ምዕራብ ሲያቀኑ ደግሞ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና መደብሮች የተሰባሰቡበት አካባቢ ይገኛል።

ከዚህ ሰፈር ተነስቶ ትንሽ አውሮፕላን ለማብረር ለሚሻ ሰው ከተማዋ እምብዛም አትመችም። በትንንሽ አውሮፕላኖች በረራ ይታወቅ የነበረው የበተንቪል አየር ማረፊያ በአውሮፓውያኑ 2023 መገባደጃ ተዘግቷል። ዳውንስቪውም በ2024 አገልግሎቱን አቁሟል። አብራሪው ከከተማ ወጥቶ ብዙ ኪሎ ሜትሮችን መንዳት ይኖርበታል።

ርቀቱ፣ የሥራ ፈረቃው፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱና ረጅሙ የበረዶ ወቅት ተደማምረው ብዙዎችን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከበረራ ያርቃሉ። በረዶው ቀልጦ ወደ ሜዳው ሲመለሱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ በኪስ ያለው ፈቃድ ዛሬም ይሠራል?

አልትራላይት ምንድን ነው?

አልትራላይት ክብደቱ አነስተኛ የሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት መቀመጫ ያለው ባለሞተር አውሮፕላን ነው። በካናዳ ሕግ መሠረታዊ የሚባለው ዓይነት ሲነሳ አጠቃላይ ክብደቱ ከ544 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ለማረፍ በሚዘጋጅበት ጊዜ በአየር ላይ ሊቆይ የሚችልበት ዝቅተኛ ፍጥነትም በሰዓት ከ72 ኪሎ ሜትር ገደማ መብለጥ አይችልም። የላቀ የሚባል ሁለተኛ ዓይነትም አለ።

ፈቃዱን የሚሰጠው የአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ትራንስፖርት ካናዳ ነው። አመልካቹ ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የክፍል ትምህርት ይከታተላል፤ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳል፤ ቢያንስ 10 ሰዓት የበረራ ሥልጠናም ያጠናቅቃል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለቀን በረራና በዓይን እይታ ለሚካሄድ በረራ ብቻ ነው።

የማብቂያ ቀን የሌለው ፈቃድ

ብዙዎችን የሚያሳስተው ጉዳይ እዚህ ላይ ይጀምራል። የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበታል። የካናዳ አልትራላይት ፈቃድ ግን አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ በጊዜ ብዛት አይሻርም። የሚያልፈው በፈቃዱ የመጠቀም መብት ነው።

ይህን መብት የሚወስኑ አራት የጊዜ ገደቦች አሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ይቆጠራል፤ አንዱን ማሟላት ሌላውን አይተካም።

የጤና ማረጋገጫ፦ 60 ወራት

የመጀመሪያው የጤና ጉዳይ ነው። ለአልትራላይት አብራሪ ምድብ 4 የሚባለው የሕክምና ማረጋገጫ በቂ ነው። አመልካቹ ስለ ጤንነቱ የቀረቡትን ጥያቄዎች በቅጹ ላይ ራሱ መልሶ ይፈርማል። በቅጹ ከተዘረዘሩት ሕመሞች አንዱ ካለበት ግን የሐኪም ፊርማ ያስፈልገዋል። ማረጋገጫው ለ60 ወራት ያገለግላል።

ይህ ማለት ግን አብራሪው ለአምስት ዓመት ስለ ጤንነቱ አያስብም ማለት አይደለም። በመካከል በሽታ፣ ጉዳት ወይም የማብረር ብቃቱን የሚቀንስ መድኃኒት ቢያጋጥመው፣ ማረጋገጫው ገና ጊዜው ባያልፍም እንኳ ማብረር አይፈቀድለትም።

ቅጾቹ የሚሞሉት በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ነው። የልደት ቀናቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስታውሱ አመልካቾች ቀኑ ከሌሎች ሰነዶቻቸው ጋር መመሳሰሉን አስቀድመው ቢያረጋግጡ ይበጃል።

የዕውቀት እድሳት፦ 24 ወራት

ሁለተኛው ገደብ በየሁለት ዓመቱ የሚደረግ የዕውቀት ማደሻ ነው። አዘውትሮ የሚያበር ሰውም ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደለም። ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ሕጉ ካስቀመጣቸው አማራጮች ቢያንስ አንዱን መፈጸም አለበት።

ከአማራጮቹ መካከል ከበረራ አስተማሪ ጋር የሚደረግ የግምገማ በረራ፣ በትራንስፖርት ካናዳ በሚዘጋጅ የደኅንነት ዐውደ ጥናት መሳተፍና ለአዲስ ፈቃድ የሚሰጥ የጽሑፍ ፈተና ማለፍ ይገኙበታል።

ወጪ የማይጠይቀው አማራጭ መሥሪያ ቤቱ በአቪዬሽን ደኅንነት መጽሔቱ የሚያወጣው የራስ ጥናት መጠይቅ ነው። አብራሪው ቤቱ ተቀምጦ፣ ደንቦችንና መመሪያዎችን እያገላበጠ ጥያቄዎቹን ይመልሳል። የተሞላው መጠይቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ አይላክም፤ አብራሪው ራሱ በማስረጃነት ያስቀምጠዋል። የፈረቃ ሠራተኛ ለሆነ የክሬሰንት ታውን ነዋሪ ይህ መንገድ ከሁሉም የቀለለ ሊሆን ይችላል።

ከበረራ መራቅ፦ አምስት ዓመት

ሦስተኛው ገደብ በተግባር ማብረርን ይመለከታል። አብራሪው ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ በዋና ወይም በረዳት አብራሪነት በርሮ መሆን አለበት።

አምስት ዓመት ካለፈው ፈቃዱ አይሰረዝም፤ ተመልሶ ለማብረር ግን ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው ከአስተማሪ ጋር የሚደረግ የግምገማ በረራ ነው። አስተማሪው አብራሪው የሚፈለገውን ችሎታ ማሟላቱን በግል የበረራ መዝገቡ ላይ ጽፎ ይፈርማል። ሁለተኛው ተማሪ አብራሪዎች የሚወስዱት፣ በአየር ሕግና ደንብ ላይ የሚያተኩረው ፒስታር የተባለው ፈተና ነው። ፈተናው 50 ጥያቄዎች ሲኖሩት የማለፊያ ነጥቡ 90 በመቶ ነው። ሁለቱም ከበረራው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው።

ተሳፋሪ ለመያዝ፦ ስድስት ወራት

አራተኛው ገደብ ሌላ ሰው ሲሳፈር የሚመጣ ነው። መደበኛው የአልትራላይት ፈቃድ ብቻውን ተሳፋሪ የመያዝ መብት አይሰጥም። ለዚህ ተጨማሪ ሥልጠና የሚጠይቅ የተሳፋሪ ማጓጓዣ ብቃት በፈቃዱ ላይ መመዝገብ አለበት፤ አውሮፕላኑም የላቀ ከሚባለው ዓይነት መሆን ይገባዋል። በመሠረታዊው አልትራላይት ላይ ሁለተኛው ወንበር የሚፈቀደው ለሥልጠና ወይም ለሌላ ፈቃድ ላለው አብራሪ ብቻ ነው።

ብቃቱ ያለው አብራሪም ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ ቢያንስ 5 ጊዜ ተነስቶ 5 ጊዜ ማረፍ ይጠበቅበታል። በጥቅምት ወር አውሮፕላኑን አቁሞ በግንቦት የሚመለስ ሰው ልጁን ወይም ወዳጁን ከማሳፈሩ በፊት ብቻውን ወጥቶ ይህን ቁጥር ማሟላት አለበት።

በሌሎች አገራትስ?

ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ባለ አንድ መቀመጫ አልትራላይት የአብራሪ ፈቃድ አይጠይቅም። በብሪታኒያ ደግሞ የማይክሮላይት አብራሪው ብቃት በየ24 ወሩ የሚታደስ ሲሆን፣ በበረራ ልምድ ለማደስ 12 የበረራ ሰዓታትና ከአስተማሪ ጋር ቢያንስ የአንድ ሰዓት ሥልጠና ይፈለጋሉ። ስለዚህ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የተዛወረ አብራሪ የቀድሞው ልማድ ይሠራል ብሎ መገመት የለበትም።

ሕጉ ዝቅተኛው ነው

የካናዳው አሠራር ለአብራሪው ትልቅ ኃላፊነት ይሰጣል። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም፤ ቀኖቹን የሚቆጥረው ባለፈቃዱ ራሱ ነው። ፈቃዱንና የጤና ማረጋገጫውን በበረራ ጊዜ መያዝ፣ የበረራ መዝገቡንም ሳያቋርጥ መጻፍ ይጠበቅበታል።

ደንቡን ማሟላትና ለበረራ ዝግጁ መሆን ግን አንድ አይደሉም። አራት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ያልነካ ሰው መጠይቁን ሞልቶ፣ የጤና ማረጋገጫውም ጸንቶ ከሆነ፣ ብቻውን ለመነሳት ሕጉ አይከለክለውም። እጁ ግን ረስቶ ሊሆን ይችላል። በማረፊያው ላይ ነፋስ ከጎን ሲመታ፣ ወይም ሞተር ድንገት ሲጠፋ፣ የሚያድነው በመዝገብ የሰፈረው ቀን አይደለም። ስለዚህ ከረጅም ዕረፍት በኋላ፣ ሕጉ ባያስገድድም፣ የመጀመሪያውን በረራ ከአስተማሪ ጋር ማድረግ ይመረጣል። ይኸው በረራ እንደ ግምገማ ከተመዘገበ ደግሞ የ24 ወራቱንም ግዴታ ያሟላል።