የልደት ቀን አቈጣጠር በሰሜን ሸዋ፤ ስለ አንድ ድንገተኛ የቤተ ዘመድ ግብዣ

በአገራችን በቈየው ልማድ ሰው የሚታሰበው ክርስትና በተነሣበትና ባረፈበት ቀን ነበር። ለክርስትናው ይደገሳል፤ ሲሞትም ተዝካሩ ይወጣል፤ በመካከል ያለው ዕድሜ ግን በየዓመቱ በግብዣ አይከበርም ነበር። ልደት ሲባል የጌታችን ልደት ታኅሣሥ 29፥ የእመቤታችንም ልደት ግንቦት 1 ነው፤ በግንቦት ልደታ ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ ንፍሮውን በጋራ ይቀምሳል። ይህ አጭር ጽሑፍ በደብረ ብርሃን በአንድ ቤተ ዘመድ የተደረገውን የ80 ዓመት የልደት ግብዣ መነሻ አድርጎ፥ የተወለደበት ቀን ያልተጻፈለት ሰው ዕድሜ በምን ዘዴ ሊታወቅ እንደሚችል ለማሳየት የታሰበ ነው።

አስቀድመን ቀኑ የተጻፈለትን ሰው እንመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በኅዳር 1848 ሲያርፉ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ከጥቂት ወር እንደ ነበረ፥ ራሳቸውም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ 69ን አልፈው 70 እንዳልሞላቸው ለማወቅ መቀነስ ብቻ ይበቃል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የልደት ቀን ሐምሌ 16 በዘመነ መንግሥታቸው በይፋ ይከበር ነበር፤ ሰማንያኛውም በ1964 ዓ.ም. በሰፊው ተከብሯል። ለገበሬ ልጅ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም ያ ክፍል በሥራ ሳይውል ቈየ፤ በመላው አገር ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። አያቴ የያዙት መታወቂያ መስከረም 1 ቀን 1938 ተወለዱ ይላል። ስለዚህ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በ2018 ዓ.ም. ዕንቍጣጣሽ ሰማንያኛ ዓመታቸውን ሳያስቡት ሊያከብሩላቸው ተማከሩ። ከአዲስ አበባም ከአንኮበርም የመጣው ዘመድ በጎረቤት ቤት ተደብቆ ቈየ። አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤቱ በሰው ሞልቶ፥ ድፎው ተቈርሶ ሳይሆን ሻማ ተተክሎበት አገኙት። መጀመሪያ ደነገጡ፤ ለካ እንዲህ ያለ ሕዝብ በቤታቸው ሳይነገራቸው ሲሰበሰብ ያዩት ለመርዶ ብቻ ኖሯል። ነገሩ ሲገባቸው ሁሉንም እየሳሙ መረቁ። «ሰማንያ ዓመትዎ ነው» ሲባሉ ግን፥ «ይህን ማን ነገራችሁ? እኔ እኮ ጃንሆይ የተመለሱ ዓመት የተወለድሁ ነኝ» አሉ። መስከረም 1 ከወዴት መጣ ብለን ብንጠይቃቸው፥ መታወቂያ ሊያወጡ በሄዱ ጊዜ ጸሓፊው ቀኑን ጠይቋቸው፥ «እንጃ ልጄ» ስላሉት የወደደውን ጽፎ እንደ ሰጣቸው ነገሩን።

በዚያው ማታ ከአያቴና ከአንኮበር ከመጡት ታላቅ ወንድማቸው የሚከተሉትን ምልክቶች ጻፍሁ። አንደኛ፥ እናታቸው «በማቴዎስ መውጫ ወለድሁሽ» ይሏቸው ነበር። ዘመነ ማቴዎስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል፤ በዚያ ወራት የነበሩት 1929፥ 1933ና 1937 ናቸው። ሁለተኛ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ስለሆነ፥ ከሦስቱ ዓመታት አንዱ ብቻ ይቀራል። ስማቸውም የነፃነቱን ዘመን የሚያስታውስ መሆኑ ይህን ያጸናል። ሦስተኛ፥ ወንድማቸው ያን ጊዜ እረኛ ነበሩ፤ የክርስትናው ዳቦ የተቈረሰው በኅዳር ሚካኤል እንደ ነበር አይረሱትም።

ሴት ልጅ ታማ ካላስቸገረች በቀር ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። ከኅዳር 12 ቀን 1934 ወደ ኋላ 80 ቀን ስንቈጥር፥ የ1933 ጳጕሜን 5 ቀን ስለ ነበረች፥ ነሐሴ 28 ቀን 1933 ላይ እንደርሳለን። ይህም በትክክል የማቴዎስ መውጫ ነው። እንግዲህ ሦስቱ ምልክቶች እርስ በርሳቸው ተስማሙ ማለት ነው። አያቴ በግብዣው ቀን 84 ዓመት ሞልቷቸው አንድ ሳምንት አልፏቸው ነበር።

አራት ዓመት ምን ያህል ነው የሚል ቢኖር፥ ለታሪክ ተማሪ ብዙ መሆኑን ልብ ይበል። በወረቀቱ ብንሄድ አያቴ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የተወለዱ ይሆናሉ፤ በቃላቸው ብንሄድ ግን እናታቸው ያረገዟቸው ጠላት ገና በአገር ሳለ ነው። ስለዚያ ዘመን ከእናታቸው ሰማሁ የሚሉትን ለመመዘን ይህን መለየት ግድ ነው። ከሽማግሌ ቃል የምንቀበል ተማሪዎች ስለዚህ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብለን ባንጀምር ይሻላል። ወንጌላዊው ማን ነበር፥ በዚያ ዓመት ምን ሆነ፥ ክርስትናዎ በየትኛው በዓል ተነሣ፥ ስምዎን ማን ስለ ምን አወጣው ብለን ብንጠይቅ፥ መልሶቹ ራሳቸው ይመሰካከራሉ።

ግብዣው አልተበላሸም፤ ሻማው ጠፍቶ ድፎው ተቈረሰ፥ የአገሩ ብርድ ብርቱ ነውና ከልጆቻቸው የተሰጣቸውን ጋቢ ደርበው እስከ እኩለ ሌሊት ሲያወሩ አመሹ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ማን ጠይቆኝ!» አሉኝ። ታላቅ ወንድማቸው ባይመጡ ኖሮ የኅዳር ሚካኤልን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው በቤቱ አልነበረም።