የተቀበረው የማግና ምሽግ

በእንግሊዝ አገር በስተሰሜን፣ በኖርዘምበርላንድ ግዛት፣ ካርቮራን የሚባል ሥፍራ አለ። ሮማውያን ማግና ይሉት ነበር። መንገደኛ ቢያልፍበት ሣር የለበሰ ተራ መስክ ይመስለዋል እንጂ ከእግሩ ሥር የጦር ምሽግ መቀበሩን አይጠረጥርም። እኛም ታሪኩን ለአንባብያን ልናቀርብ የወደድነው ስለ ቅርስ አጠባበቅ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ቄሣር ሐድርያኖስ እ.ኤ.አ. በ122 ዓ.ም. ማሠራት የጀመረው 117 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንበር ግንብ ከምሽጉ በስተሰሜን በቅርብ ያልፋል። በምሽጉ ከሠፈሩት መካከል ከሶርያ የመጡ ቀስተኞች ነበሩ። እነዚህ፣ ሮማ ከገዛቻቸው ሕዝቦች የተመለመሉ ረዳት ወታደሮች ናቸው፤ ረዳት ወታደር 25 ዓመት ሲያገለግል የሮማ ዜግነት ይሰጠው ነበር። የሞቃት አገር ልጆች በዚያ ብርድና ጭጋግ ዘብ ሲቆሙ ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልን እንገረማለን።

በ1915 አንድ ፖስተኛ ከምሽጉ አጠገብ ከመሬት ብቅ ያለ ዕቃ አየ። ተቆፍሮ ሲወጣ በቄሣር ዶሚጥያኖስ ዘመን የተሠራ የነሐስ እህል መስፈሪያ ሆነ፤ እንደ እኛ ቁና ያለ ማለት ነው። ቄሣሩ ከሞተ በኋላ ስሙ ከላዩ ተፍቋል። መስፈሪያው በላዩ ከተጻፈው ልክ የበለጠ ስለሚይዝ፣ ግብር ከፋዩ ተበድሎበት ይሆን ወይ እያሉ ሊቃውንት ይከራከሩበታል።

በ1972 የቪንዶላንዳ የቅርስ ድርጅት ቦታውን ገዛው፤ በ1987 ደግሞ ግንቡ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የምሽጉ አብዛኛው ክፍልም ሳይቆፈር ቆየ። ቆፍሮ ያወጡትን የአፈር ድርብ እንደ ነበረ መመለስ አይቻልምና ይህ ጥበብ ነበር። ረግረጉ አፈር አየር ስለማያስገባ ቆዳና እንጨት ሳይበሰብስ ይጠብቅ ነበር።

ነገር ግን የአየር ጠባይ በመለወጡ አፈሩ እየደረቀ ሄደ። አየር ሲገባ ደግሞ የተቀበረው ሳይታይ ይጠፋል። ስለዚህ በ2023 የአምስት ዓመት ቁፋሮ ተጀመረ። በ2025 ከምሽጉ ቦይ 32 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ የቆዳ ጫማ ወጣ። የባለቤቱን ስም ማንም አያውቅም፤ እግሩ ትልቅ እንደ ነበረ ግን አወቅን።

እንግዲህ አጥርና ሕግ ብቻ ቅርስን አይጠብቁም። አንዳንድ ጊዜ ሳይነኩ መተው፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጥኖ መድረስ ያስፈልጋል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የዕውቀት ሥራ ስለሆነ፣ እኛ ተማሪዎች ልንዘጋጅበት ይገባናል።