በትርና ኡኡታ

ሴት ልጅ ራሷን በምን ትከላከል? ይህ ጥያቄ በማኅበራችን በተነሳ ቁጥር ቶሎ የሚታየን የካራቴና የቴኳንዶ ሥልጠና ነው። ፊሊፒንሶች አርኒስ የሚባል በበትር የሚደረግ የትግል ስልት አላቸው፤ በ2002 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ስፖርታቸው አድርገውታል።

በትር ለእኛም ሴቶች እንግዳ አይደለም። የኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ ትሰጣታለች። የተበደለች ሴት ኡኡ ስትል፣ የሰሙ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩም ሳይክስ አይመለሱም። ሲንቄ ማንንም ሳይመታ የሚከበረው ከጀርባው ብዙ ሴቶች ስላሉ ነው።

ሲንቄ በሚከበርበት በአርሲ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ስታመልጥ ያሳደዳትን ጠላፊ ተኩሳ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። የ1949ኙ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው።

አበራሽን ያዳናት የራሷ ድፍረት ነው፤ ከእስር ያወጣት ግን የደረሱላት እህቶች ናቸው። እኛም የድሬ ሴቶች ልጆቻችን ክንዳቸውን እንዲያጠነክሩ እናሠልጥናቸው። ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ማታ አንዷ ኡኡ ስትል ደግሞ በራችንን ከፍተን እንውጣ።