የታጠረው ጉዞ
የሲሬናይካ አርብቶ አደሮች በኢጣሊያ ቅኝ አገዛዝ ሥር

«ዘላን» ሲባል በብዙ ሰው ኅሊና የሚሣለው መነሻና መድረሻውን የማያውቅ፣ ነፋስ እንደሚነዳው ቅጠል የሚንከራተት ሰው ነው። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። አርብቶ አደር የሚሄደው የሚመለስበትን ቦታና ወራት አውቆ ነው። ቅኝ ገዥዎች ይህንኑ የተሳሳተ ሥዕል ለጥቅማቸው አውለውታል፤ ቤት ያልሠራ አገር የለውም፣ አገር የሌለውም መሬቱ ቢወሰድበት አልተበደለም የሚል ፍርድ አውጥተውበታል። የዚህ ፍርድ ፍጻሜ ምን እንደሚመስል በሊቢያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሲሬናይካ የተፈጸመው ታሪክ ይመሰክራል።

ሲሬናይካ በሜዲትራኒያን ባሕርና በሰሐራ በረሃ መካከል የተዘረጋ አገር ነው። በሰሜን ጀበል አኽዳር፣ ማለት አረንጓዴው ተራራ፣ ዝናብ ያገኛል፤ ወደ ደቡብ በተሄደ መጠን ምድሩ እየደረቀ በረሃ ይሆናል። የበደዊን ጎሣዎች ኑሮ የተመሠረተው በዚህ የተፈጥሮ ሚዛን ላይ ነበር። በታኅሣሥና በጥር ዝናቡ ጥሎ ሜዳው ሣር ሲያበቅል ግመሉንና በጉን እየነዱ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ገብስም ይዘራሉ። በጋው ሲጠና ውኃ ወዳለበት ተራራ ይመለሳሉ። የየጎሣው የውኃ ጉድጓድ፣ ግጦሽና እርሻ በልማድ ሕግ ታውቆ የተከበረ ነበር። የሰኑሲያ ማኅበር ያቋቋማቸው ዛውያዎችም ትምህርት ቤት፣ የእርቅ ሸንጎና የመንገደኛ ማረፊያ ሆነው ያገለግሉ ነበር።

ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1911 ሊቢያን ስትወር ወደቦቹን ያዘች እንጂ ይህን ኑሮ መያዝ አልቻለችም። ከ1923 ጀምሮ የቁርዓን መምህሩ ሽማግሌ ዑመር አልሙኽታር የሽምቅ ውጊያውን ሲመሩ፣ ስንቁንም ፈረሱንም ወሬውንም የሚያቀብላቸው ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ነበር። የፋሽስቱ ጦር ተዋጊውን ከሕዝቡ መለየት ባቃተው ጊዜ ዘመቻውን በራሱ በኑሮው ላይ አዞረ።

እ.ኤ.አ. በ1930 የሊቢያ ገዥ ማርሻል ባዶልዮ ባዘዘው፣ የሲሬናይካ ምክትል ገዥ ጄኔራል ግራዚያኒ ባስፈጸመው ዕቅድ፣ 100,000 ያህል ሕዝብ ከነከብቱ ተነቅሎ፣ ከፊሉ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግሩ እየተነዳ፣ በሶሉቅ፣ በመግሩን፣ በብሬጋና በአጌይላ በሽቦ ታጠረ። ዛውያዎቹ ተዘጉ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። በ1931 ደግሞ ከባሕሩ ጠረፍ እስከ ጀግቡብ 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም እሾሃማ ሽቦ በግብፅ ወሰን ተዘረጋ።

በዚህ አሠራር መንጋውን ለመፍጀት ጥይት የግድ አላስፈለገም። ከብቱ በሰፈሩ ዙሪያ ያለውን ሣር ግጦ ሲጨርስ ወደ ሌላ ግጦሽ የሚወስደው መንገድ ዝግ ነበር። ከበግና ከፍየሉ ከአሥር እጅ ከስምንት የሚበልጠው አለቀ። መንጋውን ያጣ ሰው በኢጣሊያኖች ቀለብ ጠባቂ፣ በመንገድ ሥራም የጉልበት ሠራተኛ ሆነ። በረሀብና በተስቦ የሞቱትን የታሪክ ጸሐፊዎች ከ40,000 እንደማያንሱ ይገምታሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያደርሱትም አሉ። መስከረም 16 ቀን 1931 እ.ኤ.አ. ዑመር አልሙኽታር ሶሉቅ ላይ የተሰቀሉት፣ እንዲያይ በግድ በተሰበሰበው የእስረኛ ሕዝብ ፊት ነው። ከሞት የተረፉት ሰፈሮቹ ፈርሰው ሲለቀቁ ለም መሬታቸው ለሌላ ተመድቦ አገኙት። በ1938 እ.ኤ.አ. 20,000 ያህል ኢጣሊያውያን ሰፋሪዎች በመርከብ ወደ ሊቢያ ሲጓጓዙ ከፊሎቹ የሰፈሩት በዚሁ በአረንጓዴው ተራራ ነበር።

የእነዚህ ሁለት የጦር አዛዦች ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ የገባው ባዶልዮ ነው፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፍጅት ስሙ የሚነሣው ግራዚያኒ ነው። ከዚህ የሚመረው ደግሞ ሌላ ነው። በሲሬናይካ በረሃ ከኢጣሊያ ጎን ከተዋጉት መካከል ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ፤ በኦጋዴን ግንባር በግራዚያኒ ሥር ከዘመቱት መካከልም ሊቢያውያን ወታደሮች ነበሩ። ቅኝ ገዥው የአንዱን ተገዥ ክንድ ሌላውን ለመውጊያ አውሎታል። የአንዱ ሕዝብ ታሪክ ለሌላው ሳይነገር መቅረቱ ያስከተለው ጉዳት በዚህ ይለካል።

ሆኖም ሽቦው ሁሉን አላስቀረም። በአጌይላ ከታጠሩት አንዱ ባለቅኔው ረጀብ ቡሕዌሽ ነበር። በዚያ ስለ ሰፈሩ መከራ የገጠመው ረጅም ግጥም በቃል እየተጠና ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ። መንጋውን፣ ግጦሹንና መንገዱን የተቀማው ሕዝብ የደረሰበትን በቃሉ ይዞ ወጣ። ዛሬ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከገዥዎቹ መዝገብ ጎን ይህንም ምስክርነት ያዳምጣል፤ መነሻና መድረሻ የለውም የተባለው ሰው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደተነዳ የተናገረው በራሱ አንደበት ነውና።