ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለምን «ተነሥታችሁ ተራመዱ» ይባላል?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እዚህ መሐል ሜዳ ብርዱ እንደምታውቁት ነው፤ እኛ ግን ደኅና ነን።

ባለፈው ሳምንት አረብ አገር የምትሠራ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ከወለድኩ ወዲህ ሆዴ አልመለስ ብሎኛል። ገንዘብ አጠራቅሜ ቀዶ ሕክምና ልሠራ ነው። የተረፈውን ቆዳ ይቆርጡልኛል፣ ከጎኔም ስብ ይመጡልኛል። በአምስተኛው ቀን አዲስ አበባ እገባለሁ፣ በማግሥቱ እማዬን ለማየት መሐል ሜዳ!» አለችኝ።

ውበት ፈለገች ብዬ አልኮንናትም። እናቶቻችንስ ለውበት ብለው ድዳቸውንና አንገታቸውን በመርፌ ተነቅሰው የለ? እኔን የከነከነኝ ጉዞው ነው። መጀመሪያ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሞላሌ አድርጎ እስከ መሐል ሜዳ፣ ጉልበት አጥፎ አውቶቡስ ላይ መዋል። ያውም ሆድ ተሰፍቶ!

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያስተማርኳችሁ ታሪክ ነው። ስለዚህ መልሴም በታሪክ ነው። እናንተም ስሙት፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደም መርጋቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ማጭድ ጣታችንን ሲቆርጠን ደሙ ባይረጋ ኖሮ ማን ይተርፍ ነበር? ችግሩ የሚመጣው ደሙ ያለቦታው፣ በእግር ውስጠኛ የደም ሥር ውስጥ ሲረጋ ነው። የረጋው ደም ተቆርሶ በልብ በኩል ያልፍና የሳንባን የደም ሥር ይዘጋል። ትናንት ደኅና የነበረ ሰው ድንገት ትንፋሽ አጥሮት ሊሞት ይችላል።

ይህን መንገድ አጥርቶ ያሳየው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮው ነው፤ በ1850ዎቹ። ዛሬ በእሱ ስም የሚጠሩት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የደም ዝውውር መዘግየት፣ የደም ሥር መጎዳት፣ የደሙ ራሱ ለመርጋት ማዘንበል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቀዶ ሕክምና ሦስቱንም በአንድ ቀን ያመጣል። ሰውየው ደንዝዞ ይተኛል፣ ሥጋው ይቆረጣል፣ ሰውነቱም ቁስሉን ለመድፈን ደሙን ለመርጋት ያዘጋጃል።

የሚገርመው ግን፣ ይህ ከታወቀም በኋላ ሐኪሞች ታማሚውን ለሳምንታት አልጋ ላይ ያስተኙት ነበር። «ስፌቱ እንዳይፈታ» ነበር ምክንያቱ። በ1899 ቺካጎ ውስጥ ኤሚል ሪስ የተባለ ሐኪም «ቶሎ አስነሷቸው» ብሎ ቢጽፍም ብዙ ሰሚ አላገኘም።

በ1940 ደግሞ ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ሕዝቡ መጠለያ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። ኪት ሲምፕሰን የተባለ አስከሬን መርማሪ፣ ቦምብ ሳይነካቸው ከሚሞቱት መካከል በሳንባ የረጋ ደም የሚሞቱት መብዛታቸውን አስተዋለ። እግራቸውን አጥፈው ሰዓታት መቀመጣቸው ነበር የጎዳቸው። አውሮፕላንና አውቶቡስ ያስፈሩኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? በ1947 ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አልጋ አደገኛነት ሲጽፍ፣ የ«ተነሥና ተራመድ» ዘመን ጀምሮ ነበር።

መድኃኒቱስ? የእሱ ታሪክ ለኛ ለከብት አርቢዎች ቅርብ ነው። በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። ጥፋተኛው የሻገተ ድርቆሽ ነበር፤ የኛ ማገጥ ዘመድ ከሆነ መኖ የተሠራ። በ1933 የካቲት ወር፣ በበረዶ ማዕበል፣ ኤድ ካርልሰን የሚባል ገበሬ የሞተች ጊደሩን፣ የሻገተውን ድርቆሽና በወተት ማሰሮ የያዘውን የማይረጋ ደም በመኪና ጭኖ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ከዓመታት ድካም በኋላ ገዳዩን ንጥረ ነገር ለየው። ከእሱም ዋርፋሪን ተገኘ። በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ወጣ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ።

ሌላው መድኃኒት ሄፓሪን ነው። በ1916 አሜሪካ ውስጥ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ ሥራ ያስጀመረው ሲሆን፣ በ1930ዎቹ ቶሮንቶና ስቶክሆልም ውስጥ ተጣርቶ ለሰው ደረሰ። በ1975 የታተመ ጥናት ከ4,000 በላይ የቀዶ ሕክምና ታማሚዎችን ለሁለት ከፈለ። ሄፓሪን ካላገኙት 16 ሰዎች በሳንባ የረጋ ደም ሞቱ፤ ካገኙት 2 ብቻ። ልዩነቱን እዩት!

አሁን ወደ ውበቱ ልመለስ። ዘመናዊው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ያደገው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ሃሮልድ ጊሊስ ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ከ1917 ጀምሮ ሲድከፕ በተባለ የእንግሊዝ ከተማ በነበረ ሆስፒታል ይጠግን ነበር። ስብ መምጠጥ የመጣው ግን በ1970ዎቹ፣ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ነው። «ቀላል ነገር ነው» ተብሎ ዓለምን አዳረሰ። በ2000 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት ወደ 500,000 የሚጠጉ የስብ መምጠጥ ሥራዎችን ቆጥሮ 95 ሞት አገኘ። ከሞት ምክንያቶች ቀዳሚው ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም ነበር፤ ከመቶ 23 ገደማ።

ሞቱ ብዙ አይደለም፣ እውነት ነው። ግን ሆድ ማስተካከል ሲጨመርበት አደጋው ይጨምራል። የሆድ ጡንቻ ተጎትቶ ሲሰፋ ውስጡ ይጨናነቃል፤ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይዘገያል። ሴትየዋም ስፌቱን ፈርታ አትንቀሳቀስም። አደጋው ደግሞ ከሆስፒታል ስትወጣ አያበቃም። ከ900,000 በላይ እንግሊዛውያት የተካተቱበት ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አደጋው በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጣሪያ እንደሚነካና እስከ 12 ሳምንት እንደሚቆይ አሳይቷል።

እና ለተማሪዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

«ልጄ፣ ከመሠራትሽ በፊት ለሐኪሙ ሁሉንም ንገሪው። የወሊድ መከላከያ ክኒን ትወስጃለሽ? ከቤተሰብሽ ደም የረጋበት አለ? ክብደትሽ፣ ዕድሜሽ፣ ማጨስሽ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ‹የደም መርጋት መከላከያ ያስፈልገኛል ወይ? መቼ ነው መብረር የምችለው?› ብለሽ ጠይቂ። ተነሽ ሲሉሽ ተነሽ፤ ጎንበስ ብለሽም ቢሆን ተራመጂ።

»አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ካመመሽ፣ ከሞቀሽ፣ ‹ብርድ ነው› ብለሽ በቅቤ አትታሺ፤ ወጌሻም አትጥሪ። የረጋውን ደም ማሸት ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ደም ካሳለሽ፣ ወይ ራስሽን ከሳትሽ፣ አትደሪ! በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ቀዶ ሕክምና እንዳደረግሽም ንገሪያቸው።»

ትናንት መልሷ መጣ። «ቲቸር፣ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ክኒኑን እንደምወስድ ስነግረው ‹በደንብ እንነጋገርበት፤ በአምስተኛው ቀን ግን መብረር የለም› አለኝ። ቲኬቱን አራዘምኩ። ለእማዬ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ ብነግራት ትደነግጣለች።»

ነገ ጠዋት እናቷ ቤት እሄዳለሁ። «ልጅሽ ትንሽ ትዘገያለች፤ ስትመጣ ግን በእግሯ ነው የምትመጣው» እላታለሁ።

እናንተም ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ዘመድ ካላችሁ ይህን አንብቡለት። ቸር ያሰማን።