አንድ በር፣ ሁለት ደመወዝ

በካሪቢያን ባሕር ባለችው ኩራሳዎ ደሴት፣ በሼል የነዳጅ ማጣሪያ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ሠራተኞች ጎን ለጎን ቆመው አንድ ሥራ ይሠሩ ነበር። በአንድ በር ይገባሉ፤ ሙቀቱም ጭሱም እኩል ይደርሳቸዋል። ደመወዝ ሲከፈል ግን የአንደኛው ከሌላው ያንሳል። አንዱ የሼል ተቀጣሪ ነው፤ ሌላውን የቀጠረው ቬስካር የተባለ የሼል ተቋራጭ ነው። ግንቦት 22 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1969) የዊለምስታድ ከተማ መሐል የነደደው ከዚህ ልዩነት በተነሣ ጠብ ነው።

ማጣሪያው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። የቬኔዝዌላ ድፍድፍ ዘይት በመርከብ እየመጣ ይጣራበት ነበር፤ ደሴቲቱም ኑሮዋን ሁሉ በእሱ ላይ ጣለች። ሼል በ1952 ወደ 11,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው። ከዚያ ማሽን የሰውን እጅ ተካ፣ ብዙው ሥራም ለተቋራጮች ተላለፈ፤ በ1969 የቀሩት 4,000 ያህል ብቻ ነበሩ። የተባረረው ሰው ተመልሶ በተቋራጭ ስም የቀድሞውን ሥራ በአነስተኛ ክፍያ ቢሠራ ምን ሊሰማው እንደሚችል ለማወቅ የኢኮኖሚ ሊቅ መሆን አያሻም።

በወረቀት ላይ ኩራሳዎ የኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት መሆኗ በ1954 አብቅቶ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ቻርተር ኩራሳዎ ያለችበትን የኔዘርላንድስ አንቲልስን ራሷን የምታስተዳድር የኔዘርላንድስ መንግሥት አካል አድርጓታል። ባርነት በ1863 የተሻረላቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሕዝቡ ብዙኃን ቢሆኑም ሥልጣኑና ሀብቱ ግን በአብዛኛው በነጮች እጅ ነበር። ስታንሊ ብራውን የተባለ መምህር «ቪቶ» በተባለች መጽሔቱ ይህንን ያለማቋረጥ ይነቅፍ ነበር።

በሜይ መጀመሪያ 400 ያህል የቬስካር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ ነበር። በወሩ መጨረሻ የሼል ሠራተኞች ማኅበርም ተከተላቸው። በ30ኛው ቀን ጠዋት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፖስት 5 በተባለው የማጣሪያው በር ተሰበሰቡ። የወደብ ሠራተኞች መሪ ዊልሰን ጎዴትና ሌላው የማኅበር መሪ አማዶር ኒታ ንግግር አደረጉ። ጎዴትን ሕዝቡ «ፓፓ» ይለው ነበር። ሰልፉ ከዚያ ተነሥቶ የመንግሥት መቀመጫ ወደሆነው ፎርት አምስተርዳም አቀና፤ መንገዱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በመንገዱ ላይ ቤርግ አልቴና በተባለ ስፍራ ፖሊስ መንገድ ዘጋ። በግርግሩ መሐል ጎዴት ከጀርባው በጥይት ተመታ። እኔ እንደሚመስለኝ የቀኑ ዕጣ የተቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ከፊሉ ሰው መሪውን ተከትሎ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ የቀረው ወደ ከተማው ገፋ፤ ከዚህ በኋላ ሊያረጋጋው የሚችል ሰው አልነበረም። በከተማው ሰፈሮች፣ በፑንዳና ከወደቡ ወሽመጥ ማዶ ባለው በኦትሮባንዳ፣ ሱቆች ተዘረፉ፤ እሳት ተለኮሰ፤ ነፋሱም አዛመተው። 43 የንግድ ቤቶችና 10 ሌሎች ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ከ300 በላይ ታሰሩ። በደሴቲቱ የነበሩት የኔዘርላንድስ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮች ጎዳና ወጡ፤ ሌሎችም ከአውሮፓ በአውሮፕላን ተጨመሩ።

የአንቲልስ ጠቅላይ ሚኒስትር የሲሮ ክሮን መንግሥት በቀናት ውስጥ ሥልጣኑን ለመልቀቅ ተገደደ። የአመፁ መሪዎች በቀኑ ስም የሰየሙት የሠራተኞች ፓርቲ በሴፕቴምበር ምርጫ ከ22 መቀመጫዎች ሦስቱን አገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤርኔስቶ ፔትሮኒያ የአንቲልስ የመጀመሪያው ጥቁር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት ቤን ሌይቶ የመጀመሪያው ጥቁር ገዥ ተሾመ። ከአመፁ አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ ቀድሞ የተነሣው የደመወዝ ጥያቄ ብዙ ምርጫዎች ያልከፈቱትን በር ከፈተ። የሁለቱን ሟቾች ነፍስ ግን የሚመልስ አልነበረም፤ ይህን ረስቶ ቀኑን እንደ ድል ብቻ መቁጠር አይገባም።

በሄግ የነበሩት የኔዘርላንድስ ባለ ሥልጣናት ዜጎቻቸው ወታደሮቻቸውን በባዕድ ጎዳና ሲያዩ ያሳዩትን ድንጋጤ አልረሱትም፤ ግዛቶቹን መልቀቅ የሚለው ሐሳብ በረታ። ሌላዋ የኔዘርላንድስ ግዛት ሱሪናም በ1975 ነፃ ወጣች። ኩራሳዎ ግን ለነፃነት አልቸኮለችም፤ በ2010 አንቲልስ ሲፈርስ በመንግሥቱ ውስጥ ራሷን የቻለች አገር ሆነች። ሠራተኛው የሚነጋገርበት ፓፒያሜንቱ ቋንቋ ከአመፁ በኋላ በአደባባይ ክብሩ እያደገ ሄዶ በ2007 የሥራ ቋንቋ ተባለ። ሼል በ1985 ደሴቲቱን ሲለቅ ማጣሪያውን ለመንግሥት ያስረከበው በአንድ ጊልደር ነበር።