መልስ ያጣው ደብዳቤና ሎርድ ጆን ራስል

የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ተልኮ መልስ ያጣውን ደብዳቤ ያውቃል። ደብዳቤው ለንደን ሲደርስ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሰው ታሪክ ግን በእኛ ዘንድ ብዙም አይነገርም። ሎርድ ጆን ራስል ይባላሉ። በገዛ አገራቸው የሕዝብ ድምፅ በፓርላማ እንዲሰማ በመታገል ስማቸውን ያስጠሩና ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ የመኳንንት ወገን ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው የአንድ ንጉሥ ደብዳቤ ሳይመለስ ሲቀር እንዴት ዝም አለ? ይህን ለመረዳት የሥራ ዘመናቸውን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዱክ ልጅ

ጆን ራስል ኦገስት 18 ቀን 1792 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። ቤተሰቡ ከእንግሊዝ ባለጸጋ መሳፍንት አንዱ ሲሆን፣ አባታቸው በኋላ ስድስተኛው የቤድፎርድ ዱክ ሆነዋል። ጊዜያቸው ሳይደርስ በመወለዳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁመታቸው አጭር፣ ጤናቸው ደካማ ነበር። በዘመኑ የእንግሊዝ ሥርዓት ርስቱና ማዕረጉ የሚተላለፈው ለበኩር ወንድ ልጅ ነበር። ጆን ሦስተኛ ልጅ ስለነበሩ “ሎርድ” መባላቸው ለዱክ ልጅ የሚሰጥ የክብር መጠሪያ እንጂ በመኳንንቱ ምክር ቤት ወንበር የሚያሰጥ ማዕረግ አልነበረም። በመሆኑም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለመወዳደር ይችሉ ነበር።

በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1814 መጨረሻ ወደ ኤልባ ደሴት ተሻግረው በግዞት ላይ ከነበረው ከናፖሊዮን ጋር ለረጅም ሰዓት ተነጋገሩ። በቤተሰቡ ዘንድ በታላቅ ክብር የሚታወሰው በ1683 ንጉሡን በመቃወሙ አንገቱን የተቀላው ዊልያም ራስል ነበር። ሎርድ ጆን በ1819 የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ጽፈው አሳትመዋል። የንጉሥ ሥልጣን በሕግ መገደብ አለበት የሚለው እምነት ለእሳቸው ከቤት የወጣ ውርስ ነበር።

ይሁን እንጂ ወደ ፓርላማ የገቡት ራሳቸው በኋላ በታገሉት ሥርዓት ነው። በ1813፣ ገና 21 ዓመት ሳይሞላቸው፣ የአባታቸው ቃል በሚሰማባት በታቪስቶክ ከተማ ተመረጡ።

የማርች 1 ንግግር

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የምርጫ ካርታ ከሕዝቡ አሰፋፈር ጋር ፈጽሞ አይገናኝም ነበር። ኦልድ ሳረም የተባለው ነዋሪ አልባ ሊባል የሚችል ኮረብታ ሁለት ተወካዮች ይልካል፤ በፋብሪካ ጭስ የታፈኑትና ሠራተኛው የጎረፈባቸው ማንቸስተርና በርሚንግሃም ግን አንድም የራሳቸው ተወካይ አልነበራቸውም። ብዙ ወንበሮች በባለርስቶች እጅ ነበሩ፤ ለፈለጉት ይሰጧቸዋል፣ ሲሻቸውም ይሸጧቸዋል።

ራስል ከ1820ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይህን በተደጋጋሚ ተቃወሙ። በ1828 ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ፕሮቴስታንቶችን ከመንግሥት ሹመት ያገዱ አሮጌ ሕጎች እንዲሻሩ የቀረበውን ሐሳብ መርተው አሸነፉ። በ1830 ፓርቲያቸው የሆነው የዊግ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ የምርጫ ማሻሻያ ሕጉን ካረቀቁት አራት ሰዎች አንዱ ሆኑ።

ማርች 1 ቀን 1831 በምክር ቤቱ ፊት ቆመው ረቂቁን አቀረቡ። ወንበራቸውን የሚያጡትን ከተሞች ስም ዝርዝር በዚያች ቀጭን ድምፃቸው አንድ በአንድ አነበቡ። በእነዚያ ከተሞች ስም የተቀመጡት እንደራሴዎች እዚያው ነበሩ፤ አዳራሹ በሳቅና በጩኸት ተሞላ። በዚያው ወር በተደረገው ሁለተኛ ንባብ ረቂቁ በ302 ድጋፍና በ301 ተቃውሞ፣ በአንዲት ድምፅ ብልጫ፣ አለፈ። የመኳንንቱ ምክር ቤት በኦክቶበር ውድቅ ሲያደርገው ብሪስቶል በአመፅ ነደደች። ተቃዋሚዎቹ በድምፅ እንዲሸነፉ ንጉሡ አዳዲስ መኳንንት እንዲሾም ሲገፋፋና ይህም ፍርሃት ሲያሳድር፣ መኳንንቱ መንገድ ለቀቁ። ሕጉ ጁን 7 ቀን 1832 ጸደቀ። 56 የምርጫ ወረዳዎች ተሰረዙ፤ ታላላቆቹ የኢንዱስትሪ ከተሞች ተወካይ አገኙ።

ይሁንና የመምረጥ መብት የተሰጠው ንብረት ላለው ወንድ ብቻ ነበር። አብዛኛው የከተማና የእርሻ ሠራተኛ፣ ሴቶችም በሙሉ ከደጅ ቀሩ። ራስል በ1837 ተጨማሪ ማሻሻያ እንደማይደግፉ ሲናገሩ፣ ጉዳዩን ዘግተው ጨርሰዋል በሚል ስድብ አዘል ቅጽል ስም ወጣላቸው። በሌላ በኩል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ከ1835 እስከ 1839 የከተማ አስተዳደሮች በምርጫ እንዲቋቋሙ አደረጉ፤ ሞት የሚያስፈርዱ ወንጀሎችንም በእጅጉ ቀነሱ። ሕግ በማውጣት ረገድ ከእሳቸው የበለጠ የሠራ የዘመኑ ሚኒስትር ጥቂት ነው።

አየርላንድ

በጁን 1846 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ግን ሕግ ማውጣት ብቻ የማይበቃበት ፈተና ጠበቃቸው። በአየርላንድ የድሃው ዋና ምግብ የሆነው ድንች ከ1845 ጀምሮ በበሽታ እየበሰበሰ ነበር፤ በ1846 መኸሩ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

መንግሥታቸው ገበያው ራሱን ያስተካክላል ብሎ አመነ። ሕዝቡ እየተራበ እህል ከአየርላንድ ወደቦች ሲወጣ አልከለከለም። ለተራበው ሰው በመንገድ ሥራ ደመወዝ ማግኛ አዘጋጀ፤ በማርች 1847 ከ700,000 በላይ ሰው በዚህ ሥራ ላይ ነበር፣ ጉልበት የሌለው ግን እዚያው እየወደቀ ሞተ። ከዚያ የሾርባ ማዕድ ተከፈተ፤ በበጋው ወራት በየቀኑ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መገበ። ይህ ሁሉ መንግሥት ከፈለገ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት መጸው ግን ማዕዱ ተዘጋ። የእርዳታው ሸክም ራሷ በረሃብ በተደቆሰችው አየርላንድ ግብር ከፋዮች ላይ ተጣለ። ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ገበሬም መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ አያገኝም ተባለ።

ራስል በግል የአየርላንድን ጭሰኛ ከባለርስቱ ለመጠበቅ ፈልገው ነበር። ነገር ግን ከሚኒስትሮቻቸው መካከል እንደ ፓልመርስተን ያሉ የአየርላንድ ባለርስቶች ነበሩ፤ ግምጃ ቤቱን የያዙት ቻርልስ ዉድና ቻርልስ ትሬቬልያን ደግሞ ለወጪ ቁጠባ ጽኑ ነበሩ። ራስል አልተጋፏቸውም። ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ።

ከዐፄ ቴዎድሮስ የመጣው ደብዳቤ

መንግሥታቸው በ1852 ከወደቀ በኋላ ራስል በተለያዩ ሹመቶች ቆይተው በ1859 በፓልመርስተን ካቢኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1860 የጣሊያንን አንድነት በይፋ ደግፈው የጣሊያናውያንን ምስጋና አተረፉ። በ1861 ኧርል የሚለውን ማዕረግ ተቀብለው ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት ተሸጋገሩ።

በ1862 ቆንስል ቻርልስ ዳንከን ካሜሮን የንግሥቲቱን ስጦታ ይዞ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱም በኦክቶበር መጨረሻ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ወዳጅነትን ይሻሉ፤ ቱርኮች መንገዱን ስለያዙባቸውም መልእክተኞቻቸው በሰላም የሚያልፉበትን መላ ይጠይቃሉ። ደብዳቤው በ1863 መጀመሪያ ለንደን ደረሰ። እንግሊዝ በዚያ ጊዜ የኦቶማን ቱርክን መንግሥት ደግፋ ማቆም ትፈልግ ነበር፤ ከቱርክ ጋር ስለሚጣላ ሩቅ ንጉሥ መጨነቅ ለሚኒስቴሩ ጥቅሙ አልታየውም። ደብዳቤው ያለ መልስ ተቀመጠ። ካሜሮንም በኢትዮጵያ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባና ወደ ምጽዋ እንዲመለስ ከራስል ታዘዘ።

የንግሥቲቱ መልስ አለመምጣት፣ ቆንስሉም በግብፅ ቁጥጥር ሥር ወደነበረችው ከሰላ መሄዱ ዐፄ ቴዎድሮስን አስቆጣ። በጃንዋሪ 1864 ካሜሮን ታሰረ። ለንደን ለንጉሠ ነገሥቱ ለመጻፍ የተቻኮለችው ከዚህ በኋላ ነው፤ ደብዳቤውን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ከዐፄ ቴዎድሮስ ፊት የቀረበው ግን በ1866 ነበር። ፍጻሜው መቅደላ ላይ፣ በኤፕሪል 1868 ሆነ። መልሱ በጊዜው ቢመጣ መቅደላ ባልሆነ ነበር ብሎ መማል አይቻልም፤ የንጉሡም ቁጣ፣ የአገሪቱም ውስጣዊ ጦርነት የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የጠቡ መነሻ የሆነው ዝምታ ግን የራስል መሥሪያ ቤት ዝምታ ነው።

የመጨረሻው ዘመን

ፓልመርስተን በ1865 ሲሞቱ ራስል በ73 ዓመታቸው ዳግም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1837 ዘግቻለሁ ያሉትን በር ሊከፍቱ፣ የመምረጥ መብትን ለሠራተኛው ለማስፋት ሞከሩ። የራሳቸው ፓርቲ አባላት ከድተዋቸው በጁን 1866 ሥልጣን ለቀቁ። በዓመቱ ተቃዋሚዎቻቸው ከእሳቸው የሰፋ ሕግ አጸደቁ። ሜይ 28 ቀን 1878 ሪችመንድ ፓርክ ውስጥ ባለው ፔምብሮክ ሎጅ ዐረፉ። ዝነኛው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በዚያው ቤት ያደገ የልጅ ልጃቸው ነው።

ሎርድ ጆን ራስል ክፉ ሰው አልነበሩም። መርሕ የነበራቸው፣ ለመርሐቸውም የታገሉ ሰው ናቸው። ጉድለታቸው ያመኑበትን እስከ መጨረሻው አለመከታተላቸው ነው። በምክር ቤት የጀመሩትን ለሹማምንት ትተው ይሄዳሉ፤ ሹማምንቱ ደግሞ የሚጠብቁት ሒሳቡንና መዝገቡን ነው። በማንቸስተር የተቆጣ ሕዝብ ስለነበር ለማንቸስተር ተሟገቱ፤ የአየርላንድ ረሃብተኛና የሩቅ አገር ንጉሥ ግን ለንደን ላይ የሚያስፈራ ጉልበት አልነበራቸውም። የአንድ መሪ ፍትሐዊነት የሚፈተነው እንቢ ሊሉት በማይችሉ ሰዎች ላይ ነው። የ1832ቱን ሕግ ለራስል ስንመዘግብ፣ አየርላንድንና ያልተመለሰውን ደብዳቤም በዚያው ገጽ ልንመዘግብ ይገባል።